የዳቦ መጠጥህን ቀምሼዋለሁ

ውድ አሥራት፣

የላክሃቸው ሁለት ጠርሙሶች እሑድ ረፋድ ላይ ቡራዩ፣ እናቴ ቤት ደርሰዋል። አልተሰበሩም፤ ክዳናቸውም አልላላም። ጤንነትህን አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን ድምፅህን ሰምተን አረጋግጠናል፤ እኔም፣ እናቴም፣ ጎረቤታችን እትዬ አሲያም። ከዚያ ወዲህ ደውለህ ያላገኘኸኝ ቁጥርህን ስለዘጋሁት ነው። በደብዳቤ መመለስ የመረጥኩት ደግሞ መሃል ገብተህ እንዳታቋርጠኝ ብዬ ነው። ሰው ወደ እውነቱ ሲጠጋ ማቋረጥ ትወዳለህ።

ቲቲ ከጎንህ ሆና የምታነብ ከሆነ ነገሩ እንዳይምታታባት ከሥሩ ልጀምርላት። እጮኛህ ናትና ማወቅ ይገባታል። ቲቲ፣ እኔ መቅደስ እባላለሁ፤ እሱ መቅዲ ይለኛል። ሰበታ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። አሥራት ከእኛ ዱቄት የሚወስድ ዳቦ ቤት ኃላፊ ነበር። ሳይሸጥ ያደረ ዳቦ በማዳበሪያ ከረጢት እየታጨቀ ለከብት ሲጫን ያያል፤ ያንገበግበዋል። ዩኒቨርሲቲ የምግብ ትምህርት ተምሮ የለ፣ አንድ ቀን ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «በሌላ አገር ካደረ ዳቦ ለስላሳ መጠጥ ይጠምቃሉ፤ አያሰክርም፣ ትንሽ ሞቅ ብቻ ያደርጋል» አለኝ። ሳቅኩበት። «እናቴስ ጠላ የምትጠምቀው ከቂጣ አይደል? ምኑ ነው አዲሱ?» አልኩት። በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ጓሮ፣ ጋኑ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀምጦ አገኘሁት።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። እናቴ ያላሳየችህ ነገር የለም። ዳቦውን እስኪጠቁር እንዳታምሰው፣ ብቅሉን እንዳታበዛ፣ ጌሾውን ለሽታ ያህል ብቻ ጣል እንድታደርግ ያስተማረችህ እሷ ናት። የሰው ልጅ ሳይሆን የራሷን ልጅ የምታስተምር ነበር የሚመስላት። አንተም ዘመድ ሆነህ፣ ጋን እያጠብክ፣ አተላ እየደፋህ «እማዬ፣ ዘንድሮ ሽማግሌ እልካለሁ» አልካት። ይህን ያልካት አንተ ነህ። ማንም አላስገደደህም።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብህ። መጠጥ ጠማቂ ሆነህ መጠጥ አትቀምስም። አባትህን አረቄ ነው የበላቸው፤ ሰበታ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ተገኙ። በአርባቸው ቀን እናትህ እጅህን ይዘው ሚካኤል ደጃፍ አቁመው የሚያሰክር ነገር ከንፈሬን አይነካም አስብለው አስማሉህ። ትንሽ ሞቅ የሚያደርገውም ያው መሐላው ውስጥ ነው ብለህ፣ ያን ሁሉ ጥምቅ ጠምቀህ አንድ ጠብታ ወደ አፍህ አላስጠጋህም። ቀምሶ መትፋት ይቻል እንደሆነ ልንጠይቅ አብረን የንስሐ አባትህ ጋ ሄደን አልነበር? «ከንፈሬን አይነካም ብለህ ምለህ መትፋትህ ምን ይጠቅምሃል?» አሉህ። ስንመለስ አንገትህን ደፍተህ ነበር። እኔ ነኝ «አይዞህ፣ እኔ እቀምስልሃለሁ» ያልኩህ።

ቀመስኩልህም። ሁለት ዓመት ሙሉ የአንተ ምላስ እኔ ነበርኩ። ሳህን ላይ ብርጭቆ ትደረድርልኝና ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለህ አፌን አፌን ታያለህ። «ጥርስ ያጠርሳል» ስልህ ትጽፋለህ። «ዳቦው አሮብሃል» ስልህ ትጽፋለህ። «ይኸኛው ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ደስ ይላል፤ ዝናብ ቀን እንደሚጋገር ዳቦ ነው» ስልህ ደግሞ ጉሮሮህ አብሮ ይውጣል፤ ባዶ አፍህን ትውጣለህ። እንዴት እንደወደድኩህ ታውቃለህ? ያኔ ነው የወደድኩህ፤ ባዶ አፍህን ስትውጥ። ሳልቀምስልህ የዋልኩ ቀን የጎደለብኝ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። በእኔ ቤት ፍቅር ነው፤ በአንተ ቤት ግን ሥራ ነበር፤ ይህን ዘግይቼ ነው የገባኝ።

የገባኝ ሱሉልታ ነው። የቲቲ ወንድም ወንዲ ማሽኑን አስመጥቶ፣ አዳራሹን አሠርቶ፣ የሚያብረቀርቁትን ታንከሮች ተክሎ «ና» ሲልህ ደስ ብሎኝ ነበር። የጋን ነገር አብቅቶ ፋብሪካ ሆንን ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አወራሁ። ሆንን ነው ያልኩት፤ ተሳስቼ። በጥር አንድ ቀን ጠራኸኝና በብርጭቆ ቀዳህልኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ አንተም እንድታስታውሰው እጽፈዋለሁ።

«ይህን ቅመሺልኝ፤ ለድግስ ነው።»

«ትንሽ ጣፍጧል። ግን ለድግስ ይሆናል። የማን ድግስ ነው?»

«የቀለበት።»

«የማን ቀለበት?»

«የእኔና የቲቲ።» ከዚያ፣ አሥራት፣ ብርጭቆው ገና ከእጄ ሳይወርድ «እና፣ ጣፋጭነቱን ልቀንሰው ወይስ ይሁን?» አልከኝ።

መለስኩልህ እኮ! ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። አልጮኽኩም፣ ብርጭቆውን ፊትህ ላይ አልደፋሁም። «ተወው፣ ሴቶች ይወዱታል» አልኩህ። ጻፍከው። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ረዳቱ «እህቴ፣ ቦርሳሽን ሰረቁሽ እንዴ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ተሳፋሪው በሙሉ ሌባ ሲረግም ቡራዩ ደረስኩ።

እናቴ ግን አልረገመችህም። «ወጣት ነው፣ ተታሎ ነው፣ ይመለሳል» ትል ነበር። ጸሎቷ ውስጥ ስምህን ስሰማ እየወጣሁ ደጅ እቆም ነበር።

እሑድ ዕለት እናቴ ግቢው ውስጥ ብቅል ፀሐይ ላይ እያሰጣች፣ እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር። በሩ ተንኳኳ። የከፈተችው እናቴ ናት። ኦቦ ቦጂያ ነበሩ፤ ገብስ የሚያቀርቡልህ የሱሉልታው አዛውንት። ስንቴ አብረን ቤታቸው ሄደን እርጎ ጠጥተናል። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል፤ ከዘራቸውን ይዘዋል፤ ጫማቸው ተጠርጓል። በብብታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ።

አሥራት፣ አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ። ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት፣ በእሑድ ቀን፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ሲመጣ «ምን ፈልገው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አለ? እናቴ አልጠየቀችም። ብቅሏን እንደተሰጣ ትታ ሮጣ ገባች። ቀሚሷን ቀየረች። ምንጣፉን ከሳጥን አወጣች። በአጥሩ በኩል «አሲያ! አሲያ! ቶሎ ነይ፣ ሰው መጥቶብኛል፣ ብቻዬን እንዳልሆን!» ብላ ተጣራች። እትዬ አሲያም እጇን በሻርፗ እየጠረገች መጣች።

«አካም ጅርቱ፣ ወይዘሮ እናትነሽ» አሉ ኦቦ ቦጂያ።

«ነጋ፣ ነጋ ኦቦ! ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

አልተቀመጡም። እንደ ወጉ በሩ ሥር ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። «እንዲህ በቀላሉስ አልቀመጥም። ልጅ አሥራት ነው የላከኝ። የተቀየመችኝ ልጅ አለች፣ እኔ ብሄድ ፊት ይነሱኛል፣ እርስዎን ግን አይመልሱዎትም፣ ሄደው ያናግሩልኝ ብሎኝ ነው። መልካም ቃል ካልሰማሁ እንደቆምኩ እመለሳለሁ።»

እናቴ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኦቦ፣ የዚያችኛዋስ ልጅ ነገር? ቀለበት አስረዋል እኮ» አለች።

«እሱን አልነገረኝም። አልጠየቅኩትምም። ግን ወይዘሮ እናትነሽ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሽማግሌ ሆኜ ነው የኖርኩት። ያልተጸጸተ ሰው ሽማግሌ አይልክም።»

እኚህ ሰው አምነውህ ነው ሱሉልታን ለቀው ሦስት መኪና ቀያይረው የመጡት። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አመንኩህ። ያቺን ያህል ጊዜ፣ እጄ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ አመንኩህ። እርጥብ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ፀጉሬን ወደ ኋላ አደረግኩት። ሽማግሌ የላከ ሰው በመስኮት ያየኛል ይመስል! ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ቅዳሜ እንግዶችህ ፊት ስትቆም እንድታስበው ነው።

እናቴ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እኛስ ምን እንላለን፣ ልጆቹ ከተፋቀሩ» ስትል እትዬ አሲያ አላስጨረሰቻትም። «እልልልል!» አለችው። መንገዱ ላይ ባጃጅ የሚያጥብ ሳይቀር ሰማ። ኦቦ ቦጂያ ያኔ ተቀመጡ። ጨርቁን ፈተው ሁለቱን ጠርሙስ ምንጣፉ ላይ አቆሙ። «ይህንንም ለእሷ ስጡልኝ ብሏል» አሉ። እናቴ አንዱን አንስታ ሳመችው። የአንተን ጠርሙስ፣ «ዳቦዬ» የሚል የተጻፈበትን። ስሙን ያወጣችው ቲቲ መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አውቄያለሁ።

ኦቦ ቦጂያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ልጁ ጭንቅ ላይ ነው፤ ላሳርፈው» አሉ። ጆሯቸው ስለሚያስቸግራቸው ድምፁን ለሁላችንም አደረጉት። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሃቸውም።

«ኦቦ ቦጂያ! ቀመሰችው? ምን አለች?»

«ምኑን?»

«መጠጡን ነዋ! ከታንከር ሲወጣ የሆነ ነገር አለው፣ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ቲቲ ምንም አይታወቅም ትላለች። ቅዳሜ ሆቴል ቤቶቹ ሊቀምሱ ይመጣሉ፤ ካልወደዱት ወንዲ ማሽኑን ለውሃ ማሸጊያ አዞረዋለሁ ብሏል። አለቀልኝ ማለት እኮ ነው! ከመቅዲ ሌላ የሚያውቅልኝ የለም። እባክዎ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ ትቅመስና ትንገረኝ።»

ኦቦ ቦጂያ ስልኩን እንደ ባዕድ ነገር አዩት።

«ለዚህ ነው የላክኸኝ?»

«ሌላ ሰው ብልክ በሩን አትከፍትልኝም ብዬ እኮ ነው ኦቦ።»

«አሥራት» አሉህ ቀስ ብለው፤ «እኔ ሽማግሌ ነኝ። ዕቃ የሚያደርስ ባጃጅ አይደለሁም።» ዘጉብህ።

ከዘጉብህ በኋላ የሆነውን ስላልሰማህ ልንገርህ። እትዬ አሲያ በሻርፗ አፏን ሸፈነች፤ እልልታዋን መልሳ የምትውጥበት ቦታ ብታገኝ ትውጠው ነበር። እናቴ ተነስታ ምንጣፉን ከአንዱ ጫፍ ማጠፍ ጀመረች፤ ኦቦ ቦጂያ ገና እላዩ ላይ ተቀምጠው ነበርና አቆመች። እሳቸው ተነሱ። ያን የሚያህል ሰው፣ አገር የሚያስታርቅ ሰው፣ የእናቴን ጉልበት ሊይዙ ጎንበስ አሉ። «አዋረድኳችሁ» አሉ። እናቴ ትከሻቸውን ይዛ ቀና አደረገቻቸው። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ በአንተ ፋንታ።

ስለዚህ ቃልህን ጠብቀሃል እልሃለሁ። ሽማግሌ እልካለሁ ብለህ ነበር፤ ልከሃል።

ኦቦ ቦጂያ ጠርሙሶቹን በከዘራቸው ሊሰባብሯቸው ነበር። «ይተዉት አባቴ» አልኳቸው፤ «ይቀመሳል።» እንደ እብድ አዩኝ። እናቴ «ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። የማደርገው ይኸው አሁን የማደርገውን ነው፤ ያኔ ግን አልነገርኳትም። ሁሉም ከሄዱ በኋላ አንዱን ከፈትኩት።

ቀለሙ ጥሩ ነው፤ የተቆላ ገብስ ይመስላል። አረፋው ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፤ ይህም ደህና ነው። ሽታው የሰበታው ዳቦ ቤት ሽታ ነው፤ የጠዋቱ፣ በሩ ገና ሲከፈት የሚመጣው። ይህን ሁሉ አይንና አፍንጫ ስላለህ ራስህ ታውቀዋለህ፤ ስለዚህ በነፃ እነግርሃለሁ። ከዚያ ተጎነጨሁት። ምላሴ ላይ አዞርኩት። ዋጥኩት። እንደ ድሮው ዝም ብዬ ጠበቅኩ።

እውነትህን ነው፤ የሆነ ነገር አለው። ሲጠጡት አይታወቅም፤ ከዋጡት በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣና ሁለተኛ ብርጭቆ አያስነሳም። ሆቴል ቤቶቹ ደግሞ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ብርጭቆ ነው። ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ጉንጭ አወቅኩት። ከምን እንደመጣም አወቅኩ። ለእናቴ ቀዳሁላትና ቀመሰች፤ ነገርኳት፤ «ልክ ነሽ፣ እሱ ነው» አለች። ትንሽ ነገር ነው አሥራት። እስከ ቅዳሜ ድረስ ተስተካክሎ ይደርስ ነበር።

አሁን ወረቀቱን ገልብጠህ መልሱን እየፈለግክ እንደሆነ አውቃለሁ። አትልፋ፤ በዚያኛው ገጽ ምንም የለም። ውሃው ይሆን? ጌሾው? ታንከሩ? ዳቦው? ብቅሉ ከመድረቁ በፊት ተፈጭቶ ይሆን? ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። አንዱም ላይሆን ይችላል። አንዱን ስታስተካክል ሌላውን ታበላሻለህ፤ ማበላሸትህንም የሚነግርህ የለም። ቲቲ «ምንም አይታወቅም» ትልሃለች። ፍቅሯን አልጠራጠርም፤ ምላሷን ግን አንተም አታምነውም። ባታምነው ነው ሽማግሌ የላክኸው።

አንድ መንገድ አለህ። ጠርሙሱን ከፍተህ ራስህ ቅመሰው። ካደረግኸው ታውቀዋለህ፤ አፍንጫህ ደህና ነው፣ ምላስህም ደህና ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ሰበታ ሄደህ እናትህን ዓይን ዓይናቸውን እያየህ ታዋራቸዋለህ። ካላደረግኸው ቅዳሜ የማታውቀውን ነገር ለሰው ቀድተህ የሰው ፊት እያየህ ትቆማለህ። የትኛውን እንደምትመርጥ ለማወቅ አልጓጓም። የምጓጓው አርብ ማታ እንዴት እንደምታድር ነው።

ጨካኝ ትለኛለህ። ነኝ። ሰውን በሚወደው በኩል መቁረጥ ያስተማረኝ ሰው ብርጭቆ አስይዞ ነው ያስተማረኝ። ይቅር ልልህ ሞክሬ ነበር፤ ለራሴ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይሆንልኝ ነበር። እናቴ ጠርሙስህን ስማለች። እሱ ላይ ስደርስ አይሆንልኝም።

እሷ ግን ሌላ ሰው ናት። ማግስቱን ተነስታ «ጻፊለት» አለችኝ። «እኛን ቢያዋርደንም ልፋቱ አሳዘነኝ። ያ ሁሉ ጋን ያጠበ ልጅ ነው። እንጀራውን አትዝጊበት።» ፖስታውን የገዛችው ራሷ ናት። አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ ብቅል እየለቀመች ነው። እንደምታውቀው ፊደል አልቆጠረችም። በየመሃሉ ቀና እያለች «ያን ነገር ጻፍሽለት?» ትለኛለች። «እየጻፍኩ ነው» እላታለሁ። «አይዞህ በይው። አሥራቴ በይው» ትለኛለች።

ጨርሻለሁ ስላት «እስቲ አንብቢልኝ» አለች። ይህንኑ ወረቀት ይዤ ያልተጻፈበትን አነበብኩላት። ምን እንደጎደለው፣ ከምን እንደመጣ፣ ዛሬውኑ ምን ብታደርግ እንደሚስተካከል፣ አንድ ሳላስቀር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳት። አይዞህም አልኩህ። አሥራቴም አልኩህ። እናቴ እጇን ከብቅሉ አንስታ ወደ ሰማይ ዘርግታ መረቀችህ፤ ቅዳሜን አደራ አለችልህ።

ይህችን የመጨረሻዋን ስጨምር ፖስታውን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው፤ እያየችኝ አሽገዋለሁ።

መቅደስ
ቡራዩ